ቀብሩ ካለቀ በኋላ ቤቱን ማን ያጽዳው?

ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት



በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ጉዳይ ለጆሮ ደስ የሚል አይደለም። ይሁን እንጂ በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙ መንደሮች የምንኖርና የምናገለግል ሁሉ አንድ ቀን የሚያጋጥመን ስለ ሆነ፣ ሳይደርስብን በፊት ብንማረው ይሻላል። ጉዳዩም ይህ ነው፦ አንድ ሰው ብቻውን በቤቱ ሞቶ፣ ማንም ሳያየው ቀናት ካለፉ፣ ከቀብሩ በኋላ ቤቱን የሚያጸዳው ማን ነው? እንዴትስ ያጸዳዋል?

እስቲ አንድ ቤት እናስብ

በደባርቅ ከተማ ዳር የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ እንበል። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ወንዱ ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ በዚያው ቀርቷል፤ ሴቷ አዲስ አበባ ናት። ወቅቱ ክረምት ነው። ጉሙ አልገፈፍ ብሎ ጎረቤት ሁሉ በሩን ዘግቶ እሳት ይሞቃል። በአራተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት ከእኚህ እናት ጣራ ላይ ጭስ እንዳልወጣ ልብ አለች። ሄዳ ብታንኳኳ መልስ የለም።

እድሩ ተጠራ፤ ሰው በአንድ ጊዜ ተሰበሰበ። መቃብር ተቆፈረ፤ አስከሬኑ ተገንዞ በክብር ተቀበረ። ድንኳን ተተከለ፤ ንፍሮ ተቀቀለ፤ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሣ። ቤቱ ግን እንደ ተዘጋ ቀረ። ሽታው ስላስፈራ ማንም ሊገባ አልወደደም፤ “ቤተሰብ ይምጣና ያድርገው” ተባለ። በመጨረሻ ልጃቸው ከአዲስ አበባ ደርሳ በሩን ከፈተች። በመደቡ ላይ እናቷ የተኙበት ቁርበትና ጋቢ እንዳለ ነበር። በባዶ እጇ መጥረጊያና አንድ ባልዲ ውኃ ይዛ ተንበረከከች።

ይህ ለትምህርት የተሰጠ ምሳሌ ነው። ነገር ግን ከእናንተ መካከል “እኔ ይህን ቤት አውቀዋለሁ” የሚል አይጠፋም። እድሩ ጥፋት አልሠራም፤ ደንቡ ያዘዘውን ሁሉ ፈጽሟል። የጎደለው ደንቡ በመቃብሩ አፍ ላይ ማለቁ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ከሁሉም የሚከብደውን ሥራ፣ ልቧ ለተሰበረ ልጅ ተውነው። የትምህርታችን ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው፦ ቤቱን ማጽዳት የቀብሩ ክፍል ነው፤ ሥራውም የሐዘንተኛ ሳይሆን የጎረቤት ነው።

በሌላው ዓለም እንዴት ይሠራል?

በብዙ አገሮች ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በጃፓን ብቻውን በቤቱ የሚሞተው ሰው ብዛት የአገር ጭንቀት ነው፤ የአገሪቱ ፖሊስ እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ 76,020 ሰዎች ብቻቸውን በመኖሪያቸው ሞተው ተገኝተዋል፤ ከአራቱ ሦስቱ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቤት በክፍያ የሚያጸዱ፣ የሟቹንም ዕቃ ለቤተሰብ ለይተው የሚያስረክቡ ድርጅቶች ተቋቁመዋል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ የሥራ ደኅንነት ደንብ፣ በሥራው ምክንያት ደም ለሚነካ ሠራተኛ አሠሪው መከላከያ ልብስ እንዲሰጠውና የጉበት ቫይረስ ክትባት በነጻ እንዲያቀርብለት ያስገድዳል።

በእኛ ዘንድ ሥራው የሚወድቀው በቤተሰብና በጎረቤት እጅ ላይ ነው። እንግዲያው ሙያው ከሌለን የሙያው ዕውቀት ሊኖረን ይገባል።

ከፍርሃት ይልቅ ማወቅ

ሰውን ከዚያ ቤት የሚያርቀው ከሁሉ በፊት ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ በከፊል እውነት፣ በከፊል ስሕተት ስለ ሆነ ለይተን እንየው።

ስሕተቱ ይህ ነው፦ ሽታው ራሱ በሽታ አያመጣም። የዓለም ጤና ድርጅትና የቀይ መስቀል ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት መመሪያ፣ በአደጋ የሞቱ ሰዎች አስከሬን ወረርሽኝ ያስነሣል የሚለው እምነት መሠረት እንደሌለው አስረድተዋል። በአደጋ፣ በልብ ሕመም ወይም በእርጅና የሞተ ሰው በሕይወት ሳለ ያልነበረበትን ተላላፊ በሽታ ሞቶ አያመነጭም። እንደ ኮሌራ፣ ኢቦላና ማርበርግ ያሉት ግን የተለዩ ናቸው፤ እነዚህ ከተጠረጠሩ አስከሬኑንም ቤቱንም የጤና ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ማንም አይንካ።

እውነቱ ደግሞ ይህ ነው። አንደኛ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ደረቀ ብለን በባዶ እጅ አንነካውም። ሁለተኛ፣ በደጋው አገር ብርዱ ልብስ ስለሚያስደርብ ቅማል ይበዛል። ቅማል የሚኖረው በሰው ሙቀት ነው፤ አስከሬኑ ሲቀዘቅዝ ትቶት ሌላ ሙቅ ገላ ይፈልጋል። ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት የሚተላለፉት በዚሁ ቅማል ነው። ቅማሉን በጥፍር መጨፍለቅ የሚያገረሽ ትኩሳትን ያስተላልፋል፤ የተስቦ ተሕዋስ ደግሞ በቅማሉ ኩስ ውስጥ ስለሚኖር፣ የሟቹን ልብስ ደረቁን ማራገፍ አቧራውን ወደ ዓይንና ወደ አፍንጫ ይልካል።

ሦስተኛው አደጋ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። እንደ ደባርቅ ባለ ብርዳማ አገር ሰው ማታ ከሰል አያይዞ በሩን ዘግቶ ይተኛል። የከሰል ጭስ መርዝ ሽታ የለውም፤ ሳይታወቅ ይገድላል። ጠዋት ሞቶ የተገኘው ሰው በዚህ ምክንያት ሞቶ እንደ ሆነ፣ ሊያነሣው ዘሎ የሚገባው ጎረቤትም ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በሩንና መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ ከውጭ መቆየት ነው።

ይህን ማሰብ አዲስ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 19 ሰው በሞተበት ድንኳን ውስጥ ክዳን ስለሌለው ክፍት ዕቃ ተነግሯል፤ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ደግሞ ደዌ የታየበት ቤት ግድግዳው ተፍቆ፣ አፈሩ ከከተማ ውጭ ተጥሎ፣ እንደገና እንዲመረግ ታዟል። ዓላማው የዚያ ዘመን የአምልኮ ሥርዓት ቢሆንም፣ የሞተ ሰው ቤት የሕዝቡ ሁሉ ጉዳይ እንደ ነበረ ያሳየናል።

ሥራው በቅደም ተከተሉ

1. አስቀድሞ ማስታወቅ። ብቻውን የሞተ ሰው ሲገኝ ማንኛውም ነገር ከመነካቱ በፊት ቀበሌውና ፖሊስ ይወቁት። በመልካም አሳብ የተጠረገ ወለል ለፖሊስ የጠፋ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ትጠራ። ሟቹ ሳል፣ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ እንደ ነበረው ጎረቤት ይንገራት፤ የጽዳቱ ጥንቃቄ በዚያ ይወሰናልና። ፖሊስ ጨርሻለሁ ሳይል ጽዳት አይጀመርም።

2. ንብረት መመዝገብ። ከቤተሰብ አንድ፣ ከእድሩ ሁለት ሰዎች ባሉበት ዕቃው ይጻፍ። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የባንክ ደብተር፣ የእድር ደብተርና ፎቶግራፍ ተለይተው ይቀመጡ። አረጋውያን ገንዘባቸውን በትራስ፣ በፍራሽ ወይም በቀሚስ ጠርዝ ሰፍተው ሊያኖሩ ስለሚችሉ፣ የሚቃጠል ነገር ሁሉ በጓንት ተዳስሶ ይፈተሽ። ይህ ካልተደረገ በኋላ የሚመጣው ክርክር ወንድምን ከወንድም ይለያል፤ በቅንነት የደከመውም ሰው ሌባ ይባላል።

3. ራስን መሸፈን። ወፍራም የላስቲክ ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ረጅም እጅጌ ያለው አሮጌ ልብስ ይለበስ፤ የሱሪው ጫፍ በቦቲው ውስጥ ይግባ። በእጁ ላይ ቁስል ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም ሕፃን አይግባ።

4. ቤቱን ማናፈስ። በርና መስኮት ተከፍቶ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይቆይ። ዕጣን ማጨስ ሽታውን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ ተሕዋስ አይገድልም፤ በተዘጋ ቤት ከሰል ማያያዝም፣ እንዳልነው፣ ራሱ አደጋ ነው።

5. የተበከለውን ማውጣት። ፈሳሽ የነካው ፍራሽ፣ ገለባ፣ ቁርበትና ጨርቅ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሳይራገፍ ይውጣ። ከቤት፣ ከሣር ክዳንና ከክምር ርቆ በጉድጓድ ውስጥ ይቃጠል፤ አመዱም ይቀበር። ፈሳሽ ያልነካው ልብስና ጋቢ ግን ይቀቀል እንጂ አይቃጠል፤ ለልጅ የእናት ጋቢ ዋጋው ብዙ ነው። ክፍት ሆኖ የተገኘ ምግብና ውኃ ይጣል። በጎታ ተከድኖ የኖረ እህል ግን አይጥ ወይም ፈሳሽ ካልደረሰበት ደኅና ነው፤ በፍርሃት ብቻ እህል አይደፋም።

6. ማጠብ፣ ከዚያ በረኪና። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በረኪና በቆሻሻ ላይ ሲፈስ ኃይሉን ቆሻሻው ይበላዋል። ስለዚህ የሚታየው ቆሻሻ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ፣ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ነው በረኪና የሚደረገው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ አንድ ጣሳ በረኪና በ9 ጣሳ ቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ ይህም 0.5 በመቶ ይሆናል። በሲሚንቶ ወለል፣ በአልጋ ብረትና በበር እጀታ ላይ ተቀብቶ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ዛሬ የተበጠበጠው ለነገ አይሆንም። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል ፈጽሞ ክልክል ነው፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል።

7. የአፈር ወለልና መደብ። በአብዛኛው የገጠር ቤታችን ወለሉ አፈር፣ መደቡ ጭቃ ስለ ሆነ በረኪና ብቻውን አይጠቅምም፤ አፈሩ ይመጠዋል። እዚህ የሚሠራው ዶማና አካፋ ነው። አፈሩ አቧራ እንዳያነሣ ጥቂት ውኃ ተረጭቶ፣ መልኩም ሽታውም ንጹሕ የሆነ አፈር እስኪገኝ ይቆፈር። የወጣው አፈር ከምንጭና ከጉድጓድ ውኃ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ በጥልቅ ይቀበር። ጉድጓዱ በንጹሕ አፈር ተሞልቶ ይደልደል፤ ጥቂት ቀን ይድረቅ፤ ከዚያ እንደ ወትሮው ይለቅለቅ። ግድግዳውም ነክቶት እንደ ሆነ ምርጊቱ ተፍቆ እንደገና ይመረግ። ቁስል ያለበት እጅ እበት አይንካ፤ መንጋጋ ቆልፍ ከዚያ ይመጣልና።

8. መውጣትና መታጠብ። ጓንቱ መጨረሻ ላይ፣ ወደ ውጭ ተገልብጦ ይወልቅ። እጅና ፊት በሳሙና ይታጠብ፤ የሥራ ልብሱ በዚያው ይቀቀል። ዕቃ የወጋው ወይም ፈሳሽ ወደ ዓይኑ የገባ ሰው በብዙ ውኃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ደጋና ቆላ

የፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እንፈልጋለን። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ የአስከሬኑን መፍረስ ያዘገየዋል። ከሊማሊሞ ገደል ወርዶ ወደ ዛሪማ ሲደረስ ግን አገሩ ቆላ ነው። በላይኛው አገር ለሦስት ቀን የቆየ ቤትና በታችኛው አገር ለሦስት ቀን የቆየ ቤት አንድ አይደሉም፤ በቆላው ዝንቡና ትሉ ፈጥኖ ይመጣል፤ ፈሳሹም ጠልቆ ይወርዳል። ስለዚህ ስንት ቀን እንደ ቆየ ብቻ ሳይሆን የት እንደ ቆየም ጠይቃችሁ ለሥራው ተዘጋጁ።

በጦርነት ያለፈ መንደር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት አቅራቢያ በምትገኘው በጭና ተክለ ሃይማኖት ቀበሌ ብዙ ሲቪሎች ተገድለዋል፤ በገዛ ግቢያቸው የሞቱም ነበሩ። በእንዲህ ያለ ስፍራ የተረፈው ሰው የሚመለሰው ወደዚያው ቤት፣ ወደዚያው ደጅ ነው። በዚያ የማይታወቅ ብረት ከታየ ማንም ሳይነካው ለፖሊስ ይነገር፤ ጽዳቱም ይቁም። ሐዘንተኛውን ወደ ደጁ ብቻውን አለመላክ ከሁሉ በላይ በዚህ ቦታ ግዴታ ይሆናል።

የሚያጸዱትንም እናስብ

ይህን ሥራ ለአንድ ድኻ የቀን ሠራተኛ ጥቂት ብር ሰጥቶ፣ ለእጁ ጓንት ሳይሰጡ ማሰናበት የተለመደ ፈተና ነው። ይህ ትክክል አይደለም። ለእኛ የሚያስፈራን ለእርሱም ያስፈራዋል። የሚቀጠር ሰው ካለ ሙሉ መከላከያና የሚገባው ዋጋ ይሰጠው፤ ከእድሩም ሰው አብሮት ይግባ።

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ወጥታችሁ ዕረፉ። የሟቹ ልጅ፣ ባል ወይም ሚስት ያንን መደብ እንዲያጸዱ አይደረግ፤ እነርሱ ደጅ ሆነው የወጣውን ዕቃ ይረከቡ። በቤቱ ውስጥ ያያችሁትን በጠላ ቤትም ሆነ በቡና ላይ አታውሩ። እኚያ እናት በሕይወት ሳሉ ጓዳቸውን ሳያስተካክሉ እንግዳ አያስገቡም ነበርና፣ አሁን ገበናቸውን የምንሸፍንላቸው እኛ ነን። ከሥራው በኋላ እንቅልፍ የነሣው፣ ምግብ የከለከለው ሰው ካለ ደካማ ነህ አትበሉት፤ ቁጭ ብላችሁ አጫውቱት፣ ካልቀለለውም ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት።

ሳይመሽ በፊት

በዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የተመሠረተ የልደትና የሞት ክትትል አለው። ሰው በሞተ ጊዜ መረጃ ሰብሳቢዎች ወደ ቤቱ ሄደው፣ ከመሞቱ በፊት ምን አመመው፣ ስንት ቀን ተኛ ብለው ቤተሰቡን ይጠይቃሉ፤ ከመልሱም የሞቱ ምክንያት ይገመታል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ብቻውን የሞተውን ሰው ግን ማን ይመልስለታል? ምን እንዳመመው የሚያውቅ፣ ውኃ ስጡኝ ማለቱን የሰማ የለም።

እንግዲህ ከጽዳቱ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። ልጆች ለሥራ ወደ ሩቅ አገር በሚሄዱበት፣ መንደርም ከቦታ ወደ ቦታ በሚዛወርበት ዘመን ላይ ነን። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ከ400 የሚበልጡ ቤተሰቦች ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው በደባርቅ እንደ ሰፈሩ እናስታውሳለን። ሰው ቤቱን ሲለውጥ ማን የማንን በር እንደሚያንኳኳም ይለወጣል፤ ያ ሥርዓት ታስቦበት እንደገና መተከል አለበት።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንመክራለን። የመጀመሪያው፣ እያንዳንዱ እድርና ኅብረት ብቻቸውን የሚኖሩትን አረጋውያንና ሕሙማን በስም ይጻፍ፤ ለእያንዳንዳቸውም ጠዋት ጠዋት ጭሳቸውን የሚያይ አንድ ጎረቤት ይመደብ። ሁለተኛው፣ የእድሩ ድንኳንና ድስት በሚቀመጥበት ቤት አንድ ሣጥን ይጨመር፤ በውስጡም አራት ጥንድ ወፍራም ጓንት፣ ሁለት ጥንድ ቦቲ፣ የአፍ መሸፈኛ፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ ላስቲክ፣ ሁለት ባልዲ፣ አካፋና ዶማ ይኑር። በረኪና እየቆየ ስለሚደክም በየስድስት ወሩ ይለወጥ። ይህ ሁሉ ከአንድ ድንኳን ዋጋ አይበልጥም።

ያን ጊዜ ያቺ ልጅ ከአዲስ አበባ ስትደርስ በሩ ክፍት፣ መደቡ አዲስ የተለቀለቀ፣ የእናቷም ጋቢ ታጥቦ ታጥፎ ይቆያታል። ሐዘኗን አናስቀርላትም። የማይገባትን ሸክም ግን እናነሣላታለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የእድራችን ደንብ ከቀብር በኋላ ስለ ሟቹ ቤት ምን ይላል? ምንም ካላለ ምን እንጨምር?

2. በሠፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩት እነማን ናቸው? ስማቸውን አሁን እንጻፍ።

3. በረኪና ከሳሙና በፊት ቢደረግ ለምን አይጠቅምም? አንዱ ለሌላው ያስረዳ።

4. የሟቹን ንብረት ሦስት ሰዎች ሳይኖሩ ማንሣት ምን ጉዳት ያመጣል?

5. ዛሬ ጠዋት ከማን ጣራ ላይ ጭስ አላየንም? ስብሰባው ሲያልቅ ማን ሄዶ ያንኳኳል?